ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ፤ የትምባሆ መንገድና ልብ ድረስ የሚዘልቀው ሕመም

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ሜዳ የተጋጠሙት ሁለቱ ሠራዊት፣ አንደኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራሳቸው ያዘመቱት የኢትዮጵያ ጦር፣ ሁለተኛው በዘኪ ቱማል የሚታዘዘው የደርቡሽ ጦር፣ በሃይማኖትም በልሳንም በመንግሥት ሐሳብም ፈጽሞ የማይገናኙ ሆነው ሳለ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ባላተኮሩበት በአንድ ነገር ግን አንድ ልብ ነበሩ፤ ሁለቱም ትምባሆን በሕግ ከከለከሉና ክልከላቸውንም በሥጋ ቅጣት ካስጠበቁ መንግሥታት የወጡ ነበሩ። በዚያ ቀን ከዐፄው ወገን የወደቀውም ሆነ ከደርቡሾች ገዢ ከከሊፋው ወገን የወደቀው ሁሉ ጢስ ያልነካው ሳንባ ይዞ ወደ መሬት ገባ ለማለት ግን አያስደፍርም፤ ክልከላ ባለበት ሁሉ ሥውር አጫሽ እንደማይታጣ የሰው ልጅ ጠባይ ያስረዳልና።

በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ትምባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር ተብሎ ይነገራል፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎችም ይህንኑ በየመጻሕፍታቸው አስፍረውታል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስቀምጠው የሃይማኖትን ክርክር በአንድ ቃል ለመዝጋት የተነሡት ንጉሠ ነገሥት፣ የምእመናኑን እምነት ብቻ ሳይሆን የዕለት ኑሯቸውን ጭምር በአንድ ሥርዓት ለማስገባት ማሰባቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ከሕዝቡ መካከልም ክልከላውን የሚደግፍ ትረካ አስቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ይኸውም ሠለስቱ ምእት በኒቅያ ያወገዙት አርዮስ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ከሞተ በኋላ የትምባሆ ቅጠል ከመቃብሩ ላይ በቀለ የሚለው ነው። ይህ ትረካ የትምባሆን ርኩሰት ለማስረዳት የተፈጠረ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የፈጠሩት ሰዎች ወደ ትረካ የሄዱበትን ምክንያት መረዳት ይገባል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ትምባሆ አንድ ቃል እንኳ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በአስ ሳፊ ኢብን አል አሳል እጅ በዐረብኛ ሲጠናቀር፣ ኋላም ወደ ግዕዝ ሲመለስ፣ ቅጠሉ ገና ከአሜሪካ ምድር አልወጣም ነበርና። ስለዚህ ካህኑም መኰንኑም በመጽሐፍ ያላገኙትን ፍርድ ከአርዮስ መቃብር ላይ ለቀሙት።

በማዶ ደግሞ መሐመድ አህመድ ማህዲ ነኝ ብሎ በ1873 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ፣ አስካሪ መጠጥን፣ ጭፈራንና በለቅሶ ላይ መጮህን ሲከለክል ትምባሆንም ከእነዚሁ ጋር አብሮ ከለከለ፤ ሲያጨስ ወይም ሲይዝ የተገኘውም ይገረፍ ነበር። ከሊፋ አብዱላሂም በእርሱ እግር ሲተካ ይህንኑ ሥርዓት ጠበቀ። ሁለቱ ነገሥታት አንዱ የሌላውን ሕግ አይቶ አልቀዳም፤ ሁለቱም ጢሱን የመዘኑት በነፍስ ሚዛን ነበር። ጢሱ በሳንባ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ከሳንባም ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አልጠየቁም፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ያሉ ሐኪሞችም ቢሆኑ ገና አልደረሱበትም ነበር።

ትምባሆ ወደዚህ አገር የገባው ግን ከሁለቱም ነገሥታት ብዙ አስቀድሞ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በወህኒ ኬላ አልፎ ወደ መተማ የሚወርደው፣ ከመተማም ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላና እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስከ ሱዋኪን የሚዘልቀው መንገድ፣ ለጎንደር ነገሥታት ከምጽዋ በር ቀጥሎ ዋነኛ የንግድ በራቸው ነበር። ሰም፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና፣ ሳይነገር የማይታለፈው፣ ባሪያ በዚህ በኩል ይወርድ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ሽቱና ማርያ ትሬዛ ብር በዚህ በኩል ይወጣ ነበር። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ የጎንደር እስላሞች ነበሩ፤ በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በአንድ ሰፈር እንዲቀመጡ ካዘዘ ወዲህ ንግዱ የእነርሱ ሲሳይ ሆኖ ቆየ፤ ከንግዱ ጋር የሚመጣው ልማድም የእነርሱ ምልክት ተደርጎ ታየ። ለትምባሆ የነበረው ጥላቻ ከሃይማኖት ጋር እንዲህ የተጠላለፈው ከመጽሐፍ ትምህርት ይልቅ ከዚህ የሰፈር መለያየት ይመስለኛል።

የመንገዱን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሁለት ተጓዦችን ሊያነብ ይችላል። የመጀመሪያው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው፤ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ የራስ ፊልን ግዛት ሾመውት ስለ ነበር፣ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ በራሱ ግዛት አልፎ መሄዱ ነበር፤ ሆኖም ግዛቱን ካለፈ በኋላ በአትባራ አውራጃ ያለው ሼህ አስቸግሮ እንዳቆየው ጽፏል። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው፤ በ1854 ዓ.ም. ገዳሪፍንና መተማን አይቶ ገበያቸውን ጽፏል። ገዳሪፍ በዚያን ጊዜ የሹክሪያ ጎሣ አለቆች በሆኑት በአቡ ሲን ቤተ ሰብ ስም ሱቅ አቡ ሲን ይባል ነበር፤ ሳር ጎጆና ድንኳን የከበበው፣ የግመልና የማሽላ ገበያ የሚቆምበት ስፍራ ነው። በመተማና በጋላባት የሰፈሩት ግን ተክሩሮች ነበሩ፤ እነዚህም ከምዕራብ ሱዳን ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በመንገድ ቀርተው አገር የያዙ፣ ለግብፅም ለኢትዮጵያም የሚገብሩ፣ ቤከርም በሥራ ወዳድነታቸው ያመሰገናቸው ሕዝብ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ትምባሆ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይጨሳል፤ በቆላው የሚኖሩት ጉሙዞች በቅል በተሠራ ጋያ ውኃ እያንኰራኰሩ ይስቡታል፣ የዐረቡ ነጋዴ በረጅም ፒፓ፣ የደጋው ሰው ደግሞ ከካህኑ ዐይን ተሰውሮ በሱረት መልክ።

እዚህ ላይ ጠያቂ አንባቢ፣ ሰዎቹ ይህን ያህል ዘመን ካጨሱ ሳንባን የሚበላው ካንሰር ለምን በጥንቱ ዜና መዋዕል ውስጥ አልተወሳም ይለኝ ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሳንባ ካንሰር አጫሹን ከ20 እስከ 40 ዓመት አድብቶ የሚጠብቅ ሕመም ሲሆን፣ የዚያ ቆላ ሰው ግን ይህን ያህል ዕድሜ የሚያስቀምጠው አልነበረም፤ ንዳዱ፣ ካላዛሩ፣ ኮሌራው፣ በመተማ ጦርነት ዋዜማ የጀመረው ክፉ ቀን፣ የደርቡሽ ወረራና የአጸፋው ዘመቻ ከጢሱ በፊት ይደርሱበት ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ጥልቅ ነው። የጥንቱ የፒፓና የጋያ ትምባሆ ጢሱ ጉሮሮን የሚለበልብ ስለሆነ አጫሹ በአፉ ይዞ ይተፋዋል እንጂ ወደ ሳንባው ጥልቅ ብዙ አይስበውም ነበር፤ በጋለ አየር ደርቆ ለሲጃራ የሚዘጋጀው ቅጠል ግን ጢሱ የለሰለሰ ስለሆነ እስከ መጨረሻዋ የሳንባ ከረጢት ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የሳንባ ካንሰር ታሪክ በእውነቱ ከትምባሆ ታሪክ ይልቅ የሲጃራ ታሪክ ነው።

ሲጃራውም ወደዚህ ጠረፍ የገባው በሦስት በር ነው። አንደኛው በር ንግዱ ነው። ጄምስ ቦንሳክ የተባለው አሜሪካዊ ማህዲው በተነሣበት በዚያው ዓመት በቀን ከ100,000 የሚበልጥ ሲጃራ የሚጠቀልል መኪና በስሙ አስመዘገበ፤ በግብፅ የሰፈሩ የግሪክ ነጋዴዎችም በካይሮ ያቋቋሟቸው የሲጃራ ፋብሪካዎች ዝናቸው እስከ አውሮፓ ደረሰ። ከከሊፋው መዲና ከኦምዱርማን ውድቀት በኋላ እንግሊዞች ሱዳንን ሲይዙ የከሊፋው ጅራፍ ተሰበረ፤ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል ወሰኑ ሲከለል መተማ ለኢትዮጵያ፣ ጋላባት ለሱዳን ሆኑና በአንዲት ደረቅ ወንዝ ተለያይተው ይተያዩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የባቡር ሐዲድ ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ ሲደርስ በግመል በሳምንታት ይመጣ የነበረው ሸቀጥ ሁሉ በቀናት መጣ። ሁለተኛው በር ጦርነቱ ነው። ኢጣሊያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጋላባትን ያዙ፤ ኋላ ፊልድ ማርሻል የተባለው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ስሊም ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. መልሶ ሊያስለቅቅ ገጠመ፤ ገዳሪፍም የጦሩ ስንቅ ቤት ሆነች። ለዚያ ሁሉ ወታደር እህል ለማብቀል በገዳሪፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ በትራክተር የሚታረስ እርሻ በጦርነቱ ፍጻሜ ላይ ተጀመረ፤ ይህም እርሻ ከሰላም በኋላ እየሰፋ ሄዶ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ በየመከሩ የሚወርደውን የሰሊጥና የማሽላ አጫጅ የሚስብ ሆነ። ወታደር ከራሽኑ ጋር ሲጃራ ይታደለው እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ የቀን ሠራተኛውም ልማዱን ከወታደሩ ወረሰ። ሦስተኛው በር የመንግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የኢትዮጵያ መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል አቋቋመ፣ ቆይቶም ናያላ ሲጃራ በየሱቁ ተደረደረ። በ50 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከንፈር ከመቁረጥ ወደ ቀረጥ መሰብሰብ የተሸጋገረ መንግሥት መሆኑን ሳስበው፣ የታሪክ ፈሊጥ ከልቦለድ ይልቅ ይደንቃል እላለሁ።

በገዳሪፍ ገበያ ዛሬም ከሲጃራው ይልቅ ለዐይን የሚጎላው ቱምባክ ነው። ቅጠሉ አብዛኛው ከዳርፉር ይመጣል፤ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከዚያም አትሩን በተባለ ጨው መሰል አፈር በተበጠበጠ ውኃ እየረጠበ በጣት ይታሻል፤ ሻጩ በጣቱ ጫፍ እያሸ ልስላሴውን ይፈትናል፣ በቃ ሲል በተከደነ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አሳርፎ በትንሽ ላስቲክ ቋጥሮ ይሸጠዋል። ገዢው ሑቃ በሚባል ትንሽ ቆርቆሮ ይይዘዋል፤ ሲያስፈልገው ቆንጥሮ እንደ ባቄላ ያድበለብልና በታችኛው ከንፈሩ ውስጥ ይወሽቀዋል። ሱቆቹ ብዙውን ጊዜ ወድ ዐማሪ የሚል ጽሕፈት ተሰቅሎባቸው ይታያሉ። የሱዳን ሐኪሞች ከዚህ ቅጠል ጋር የአፍ ካንሰርን አያይዘው ብዙ ጽፈዋል፤ በውስጡ የሚገኘው ካንሰር አምጪ መርዝ በሌሎች አገሮች ካለው የአፍ ትምባሆ እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ቱምባክ ጢስ የለውምና መንገዱ ወደ ሳንባ አይደለም፤ ወደ ሳንባና ከሳንባ ወደ ልብ የሚወስደው ሲጃራው ነው።

ይህን የመጨረሻውን መንገድ ለመረዳት ከጠረፉ ወጥተን ወደ ካይሮ መሄድ ይገባናል። ኢብን አል አሳል ፍትሐ ነገሥትን ባጠናቀረበት በዚያው ዘመን፣ በዚያችው በካይሮ ከተማ የሚኖር ኢብን አን ነፊስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1242 የአቡ አሊ ሲናን መጽሐፍ ሲያብራራ፣ ከእርሱ አስቀድሞ የነበሩት ሊቃውንት ሁሉ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው በመካከሉ ባለው ግድግዳ ቀዳዳ ያልፋል ያሉትን ሐሰት ነው ብሎ፣ ደም ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ በዚያ ከነፋስ ጋር ይዋሐዳል፣ ከሳንባም በደም መልስ ወደ ግራ ልብ ይመለሳል ሲል ጻፈ። ከአንዲት ከተማ በጥቂት ዓመታት ልዩነት የወጡ ሁለት መጻሕፍት ናቸው፤ የነፍስንና የመንግሥትን ሕግ የያዘው ወደ ግዕዝ ተመልሶ ነገሥታቱ ፈረዱበት፣ የደምን ጎዳና የያዘው ግን ወደ እኛ አልደረሰም፤ በዐረቡም ዓለም ለብዙ መቶ ዓመት ተረሳ።

የሳንባ ካንሰር የሚሄደው በዚሁ ጎዳና ነው። ከሳንባው ሥር አጠገብ የበቀለ ዕጢ፣ ጥሩውን ደም ወደ ግራ ልብ ከሚመልሱት አራት የሳንባ ደም መልሶች የአንዱን ግድግዳ በስቶ ይገባል፤ ከገባም በኋላ በአጥር ቀዳዳ እንደሚሾልክ ሐረግ በሥሩ ባዶ ቦታ እየረዘመ ወደ ግራው የልብ የላይኛ ክፍል ይዘልቃል። ከዚያ ተቆርጦ የሚወጣ ፍርፋሪ በደሙ ተጠርጎ ወደ አንጎል ቢወጣ ሰውየው በድንገት ግማሽ አካሉ ይሰንፋል፣ ወደ እግር ቢወርድ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ሐኪም ልቡን በአልትራሳውንድ እስኪያይ ድረስም በሽታው የሳንባ መሆኑ ላይታወቅ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ካንሰሩ የልብን ሽፋን ይይዝና ውኃ ያስቋጥራል፤ ልቡ በገዛ ሽፋኑ ውስጥ ታንቆ ለመስፋት ይቸገራል። በቀኝ ሳንባ ላይኛው ክፍል የተነሣ ዕጢ ግን የሚያጠቃው ከራስና ከክንድ የሚወርደውን ደም ሁሉ ወደ ልብ የሚያስገባውን ትልቁን የላይኛውን ደም መልስ ነው፤ በዚህ የተያዘ ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱ አብጦ ያገኘዋል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ይጠበዋል፣ ጫማውን ሊያስር ሲጎነበስ ራሱ የሚፈነዳ ይመስለዋል፣ የአንገቱ ሥሮች ተቀምጦም ይገተራሉ፣ በደረቱም ላይ አስቀድሞ ያልታዩ ሰማያዊ ሥሮች ይጠላለፋሉ፤ ደሙ የተዘጋውን ዋና መንገድ ትቶ በጓሮ በኩል ወደ ልብ ለመድረስ የሚፈልጋቸው መንገዶች ናቸው። የዚህን የሥር መዘጋት ምልክት መጀመሪያ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሐንተር እ.ኤ.አ. በ1757 ሲሆን፣ እርሱ ያየው ግን ከካንሰር ሳይሆን ከደም ቅዳ እብጠት የመጣ ነበር፤ ያኔ ሲጃራ አልነበረማ።

እ.ኤ.አ. በ1912 አይዛክ አድለር የተባለ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ይህ በሽታ እጅግ ከማይገኙት አንዱ ቢሆንም መጽሐፍ የሚገባው መሆኑን ለአንባቢው እያመካኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ኢቫርትስ ግሬሃም በሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ ሙሉ ሳንባ ቆርጦ አወጣና ሕመምተኛው ዳነ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ይኸው ግሬሃም ከተማሪው ከዊንደር ጋር፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ዶልና ሂል፣ ሲጃራና የሳንባ ካንሰር እንዴት እንደተያያዙ በቁጥር አሳዩ። ብርቱ አጫሽ የነበረው ግሬሃም ማጨሱን ቢተውም እ.ኤ.አ. በ1957 በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞተ።

በጠረፉ ላይ ግን ይህ እውቀት የደረሰው ዘግይቶ፣ የደረሰውም በሌላ በሽታ ጥላ ሥር ሆኖ ነው። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው ወባን፣ ፈንጣጣንና የመሳሰሉትን ተላላፊ በሽታዎች መከላከል ነበር፤ ትክክልም ነበር። ሳል የያዘው፣ የከሳ፣ ደም የሚተፋ ሰው በመተማም በገዳሪፍም አስቀድሞ የሚታሰበው በቲቢ ነው፤ ቲቢ በእርግጥ የበዛ ስለሆነ ሐኪሙን መንቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን ስድስት ወር መድኃኒት ወስዶ ሳይሻለው የፊቱ እብጠት የጀመረው ሰው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካንሰሩ ከሳንባው አልፎ ሥር ውስጥ ገብቶበት ይሆናል። ካንሰሩ በአጫሽ ላይ ብቻም አይመጣም፤ ጓዳዋን በእንጨት ጢስ ሞልታ እንጀራ ስትጋግር የኖረች፣ ሲጃራ በእጇ ያልነካች ሴት ላይም ይታያል። በዚህ ላይ የስደቱ ታሪክ ይጨመር፤ በ1977 ዓ.ም. በረሀቡ ወራት ኡም ራኩባ በተባለው ሰፈር፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት እንደ ገና በዚያውና በቱናይድባ የሰፈሩት ኢትዮጵያውያን ሲታመሙ ይታከሙ የነበረው በጊዜያዊ ክሊኒክ ሲሆን፣ የደረት ሲቲ ስካን በዚያ የሚታሰብ አልነበረም።

ሐኪሞች ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል ካልተሠራጨ አልፎ አልፎ ሳንባውን ከልቡ ግድግዳ ቁራጭ ጋር አብረው ያወጣሉ፤ ይህ ግን በትልልቅ የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና ማዕከሎች የሚሠራ ነው። ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚቀረው ጨረርና ኬሞቴራፒ፣ የተዘጋውን ትልቅ ደም መልስ በሽቦ ቱቦ ከፍቶ ማስተንፈስ፣ በልቡ ሽፋን የተቋጠረውን ውኃ በመርፌ መቅዳት ነው። ጨረር ደግሞ ከገዳሪፍ በማናቸውም አቅጣጫ ሩቅ ነበር። በኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መኪና የተጀመረው ሕክምና ለሃያ ዓመት ያህል ብቸኛው ሆኖ ቆየ። በሱዳን በኩል ካርቱም ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ማዕከል ነበራት፤ ኋላም በዋድ መደኒ ሁለተኛው ተከፈተና የገዳሪፍ ሰው ወደዚያ ይሄድ ጀመር።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ትምባሆን ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ሁሉ ከለከለ፣ ማስታወቂያውንም አገደ፤ እንግዲህ ክልከላው ከአርዮስ መቃብር ወርዶ በሳንባው ስም ተመለሰ፤ ከንፈር ሳይቆርጥ መሆኑ ደግ ነው። የመንግሥት የነበረውን ፋብሪካ አብዛኛውን ድርሻ ግን ከዚህ አስቀድሞ የጃፓን ኩባንያ ገዝቶት ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱሙ የጨረር ማዕከል ቆመ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ ስትያዝ የዚያችውም ቆመ። ሕመምተኞቹ ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ፤ በዚያ ያለው የምሥራቅ ካንሰር ሆስፒታል ኬሞቴራፒ ይሰጥ ነበር፣ የጨረር መኪና ግን አልነበረውም፤ በአልጋ ፋንታ በግቢው ምንጣፍ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ጨረር ቢታዘዝለት በሰሜን ወዳለችው ወደ ሜሮዌ፣ በጦርነቱ ዙሪያ ጥምጥም ብሎ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። ሌሎቹ በጋላባት በኩል ወጥተው፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ገቡ፤ ከዚያም ገንዘብና ጤና የፈቀደለት፣ ነጋዴዎቹ ሰምና ቡና ይዘው በወረዱበት በዚያው መንገድ፣ የምርመራ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ወደ ጎንደር ሽቅብ ወጣ።